ጭንቅላታችሁን ከተመታችሁ በኋላ ካሳ ለመጠየቅ፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላለን

ሐኪሙ "ዛሬ እንዴት ነህ?" ሲላችሁ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ማለቱን ለጊዜው ተዉት። እኛ ዘንድ ሰላምታ ነው፤ አልጋ ላይ ወድቀንም ደህና ነን። ሐኪሙ ግን "በሽተኛው ተሽሎታል" ብሎ ፋይሉ ላይ ያሰፍረዋል፣ ከዓመት በኋላ የኢንሹራንሱ ጠበቃ ያችኑ ገጽ አውጥቶ "በራስህ አፍ ደህና ነኝ ብለሃል" ይላል። እጁ የተሰበረ ሰው ጄሶውን ያሳያል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው የሚያሳየው ነገር ስለሌለው ጉዳዩ የሚቆመው በተጻፈው ነው።

ከአደጋው በኋላ በዚያው ቀን ኢመርጀንሲ ሂዱ። "ራሴን አልሳትኩም" ብላችሁ አትቅሩ፣ ራስን ሳይስቱም ኮንከሽን (በምት የሚመጣ የአንጎል መናወጥ) አለ። ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው ቢሏችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ሲቲ በዋናነት የሚፈልገው የደም መፍሰስና ስብራት ነው፣ ብዙ የጭንቅላት ጉዳት እዚያ ላይ አይታይም። ሐኪሞች ግላስጎው በሚባለው የንቃት መለኪያ ከሙሉው 15 ውስጥ 13 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኘውን "ቀላል" ይሉታል። ይህ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ነው የሚናገረው። ከስድስት ወር በኋላ መኪና መንዳት ወይም ሒሳብ መያዝ ትችሉ እንደሆነ አይነግራችሁም።

ከዚያ ኒውሮሎጂስት (የአንጎልና የነርቭ ሐኪም)፣ ቀጥሎም ኒውሮሳይኮሎጂስት ዘንድ መላክ ጠይቁ። ይኼኛው የማስታወስ፣ የትኩረትና የአስተሳሰብ ፍጥነት ፈተና ለሰዓታት የሚሰጥ ሲሆን፣ ውጤቱ በሲቲ ያልታየውን ጉዳት በቁጥር የሚያሳይ ዋናው ማስረጃ ነው። ግን ፈተናውን በእንግሊዝኛ ወስዳችሁ ቃል ቢጠፋችሁ ጭንቅላቱ ይሁን ቋንቋው ያስቸገራችሁ አይለይም። አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ሪፖርቱ ላይም እንዲጻፍ አድርጉ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ አማርኛ ደግሞ በዚህ አካባቢ ብርቅ አይደለም። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የትኛዋ ልጅ ናት አባቷ እየሰማ "አባዬ ከተመታ ወዲህ ይሳደባል፣ ሳህን ይወረውራል" ብላ የምትተረጉመው?

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ብዙ የሐበሻ ኬዝ የሚበላሸው እዚሁ ነው። ንዴቱን፣ ልቅሶውን፣ መርሳቱን "አበደ ይሉኛል" ብለን እንደብቃለን። ሕጉ የሚክሰው ደግሞ በትክክል እሱን ነው። ባል ወይም ሚስት፣ አብሮ የሚኖር ጓደኛ፣ ማንም ቅርብ ሰው ደብተር ይያዝ፣ ቀን እየጻፈ፦ "ማክሰኞ፣ ሽሮ እሳት ላይ ትታ ወጣች፣ ጎረቤት ጭሱን አይቶ ደወለ።" "ሐሙስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ፣ ለዓመታት የነዳው መንገድ ጠፋበት፣ ዳር ይዞ ደወለልኝ።" "በጣም ይረሳል" ከሚል አሥር ገጽ ይህቺ አንድ መስመር ትበልጣለች። ደብተሩን ሌላው ወገን ሊያየው ስለሚችል ሳታጋንኑ እውነቱን ብቻ ጻፉ፤ ደህና የዋላችሁበትም ቀን ይግባ።

አሁን ወደ ክፉው ሕግ። በአብዛኛው አሜሪካ 20 ፐርሰንት ጥፋት ቢኖርባችሁ ካሳችሁ በዚያው ልክ ይቀነሳል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግን ኮንትሪቢዩተሪ ኔግሊጀንስ የሚባል ያረጀ ደንብ አለ፦ ለአደጋው የራሳችሁ ጥፋት ትንሽ እንኳ አስተዋጽኦ ካደረገ፣ አንድ ፐርሰንትም ቢሆን፣ ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። ግፍ ነው፣ ግን ሕግ ነው። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሕግ በመኪና ለተገጩ እግረኞችና ብስክሌተኞች አሻሽሎታል፤ ጥፋታቸው ከግማሽ ካልበለጠ ይካሳሉ። መኪና ውስጥ ለነበረ ሹፌር ግን የድሮው ነው።

ስለዚህ መንገድ ላይ "ይቅርታ፣ አላየሁህም" አትበሉ፣ በትሕትና ያላችሁት እንደ ማመን ሊቆጠርባችሁ ይችላል። ለፖሊሱ ያያችሁትን ተናገሩ። የሌላው ሰው ኢንሹራንስ አጃስተር (የካሳ ጥያቄውን የሚመረምረው ሠራተኛ) ደውሎ በጣፋጭ አንደበት "ድምፅህን ልቅረጽ፣ ለፎርማሊቲ ነው" ካለ "በጠበቃዬ በኩል" ብላችሁ ዝጉ። ጠበቃ ገና ባትይዙም። ጭንቅላቱ በደንብ የማይሠራ ሰው ሰዓትና ፍጥነት ሲጠየቅ ይዘባርቃል፣ ያ መዘባረቅ ነው ያቺ አንድ ፐርሰንት የምትሆነው።

በራይድሼር (እንደ ኡበርና ሊፍት ባለ፣ በአፕ በሚጠራ) መኪና ተሳፋሪ ከነበራችሁ የጉዞውን ስክሪን ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኙንም አታጥፉ። ተሳፋሪ ሲኖር ኩባንያው የያዘው ሽፋን 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሹፌሩ አፑን ከፍቶ ጥሪ ሲጠብቅ ግን ለአንድ ተጎጂ ወደ 50 ሺህ ይወርዳል። አደጋው የደረሰበት ደቂቃ ትልቅ ገንዘብ ነው ማለት ነው። የሱቅና የፓርኪንግ ካሜራ ደግሞ ቶሎ ራሱን ስለሚያጠፋ ቪዲዮው እንዲቀመጥ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሥራ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ወድቃችሁ ወይም ሆቴል ኩሽና ውስጥ ዕቃ ራሳችሁ ላይ ወርዶ፣ መንገዱ ሌላ ነው፤ ዎርከርስ ኮምፔንሴሽን፣ ማለትም የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ። እዚያ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው በአብዛኛው አይጠየቅም፣ ግን ስለ ሥቃይ አይከፍልም። ለአለቃችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፦ ሜሪላንድ በ10 ቀን፣ ዲሲና ቨርጂኒያ በ30 ቀን። በአፍ ነግሬዋለሁ ብላችሁ አትተዉት፣ ቴክስትም ቢሆን ላኩ። ጥፋተኛው ከመሥሪያ ቤታችሁ ውጭ የሆነ ሰው ከሆነ እሱን ለብቻ መክሰስም ይቻላል።

ለመክሰስ ያላችሁ ጊዜ ቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ ሜሪላንድና ዲሲ 3 ዓመት ነው። ሆኖም ገጪው የከተማው መኪና ከሆነ ወይም የወደቃችሁት በተበላሸ የከተማ እግረኛ መንገድ ከሆነ በጣም ያጥራል፤ ለዲሲ አስተዳደር በ6 ወር፣ ለቨርጂኒያ ከተሞችና ካውንቲዎች በ6 ወር፣ ለሜሪላንድ ካውንቲዎች በ1 ዓመት ውስጥ የጽሑፍ ማስታወቂያ መድረስ አለበት። ወረቀት የለኝም ብላችሁም አትቅሩ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አለመኖር ካሳ ከመጠየቅ አያግድም።

ጠበቃ ስትመርጡ "የጭንቅላት ጉዳት ኬዝ ፍርድ ቤት ድረስ ወስደህ ታውቃለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። አማርኛ መቻሉ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ሆስፒታል አልጋ ድረስ ሰው ልኮ የሚያስፈርም ጠበቃ ካጋጠማችሁ ሽሹት። ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ከሚገኘው ሲሶ ነው፣ ክስ ከተመሠረተ 40 ፐርሰንት ይደርሳል፤ የኤክስፐርትና የመዝገብ ወጪ ለብቻ ነው። ወጪው ከሲሶው በፊት ይነሣል ወይስ በኋላ? ይህን ሳትፈርሙ አስረዱኝ በሉ።

ያጣችሁት ገቢ የሚሰላው በዋናነት በታክስ ወረቀታችሁ ነው። በካሽ የተገኘውን ቲፕ ሳያስመዘግብ የኖረ ሰው እዚህ ላይ ይጎዳል። ሜሪላንድ ለሥቃይና ለሕይወት መጓደል የሚከፈለው ላይ ጣሪያ አላት፤ ከኦክቶበር 1፣ 2025 ጀምሮ ለደረሰ አደጋ 965 ሺህ ዶላር ሲሆን በየዓመቱ 15 ሺህ ይጨመርበታል። የሕክምና ወጪና የጠፋ ደመወዝ ግን ጣሪያ የለውም።

የመጀመሪያው ቼክ በፍጥነት ከመጣ ተጠራጠሩ። የመልቀቂያ ወረቀቱን፣ ማለትም "ከእንግዲህ ሌላ ካሳ አልጠይቅም" የሚለውን፣ ከፈረማችሁ፣ ከዓመት በኋላ የሚጥል በሽታ ቢጀምራችሁም ተመልሳችሁ መጠየቅ አትችሉም። ሐኪሙ "ከዚህ በላይ የሚሻሻል የለም" እስኪል ጠብቁ፣ የመክሰሻው ጊዜ ብቻ እንዳያልፍባችሁ። ስትስማሙም ሆስፒታሉ፣ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና ሽፋን) እና የጤና ኢንሹራንሱ ከገንዘቡ ድርሻ ሊጠይቁ ስለሚችሉ፣ ጠበቃው የእያንዳንዱን ተቀናሽ ዝርዝርና እጃችሁ የሚገባውን የመጨረሻ ቁጥር በወረቀት ሳይሰጣችሁ አትፈርሙ።