አማት ግቢ ውስጥ ቤት ከመሥራታችሁ በፊት

አዳማ ፍርድ ቤት አካባቢ ራፖር፣ ማለትም ለፍርድ ቤት የሚገባ አቤቱታ፣ እጽፋለሁ። ባልና ሚስት ብቻቸውን የተጣሉበት ጉዳይ ብዙም አይገጥመኝም። አንዱ ጋ አማት አሉ፣ ሌላው ጋ ዋርሳ፣ ሌላው ጋ ለሠርግ የወጣ ብር። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የምጠየቀውን እዚሁ ልመልስ።

መጀመሪያ ሕጉን አትሳቱ። እዚህ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዋጅ 69/1995። ስልካችሁ ላይ የምታገኙት 213/1992 የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነው። መሠረታቸው ይመሳሰላል፣ አንቀጹን ግን ከዚያ ገልብጣችሁ አትምጡ። አቤቱታውም የሚገባው በአፋን ኦሮሞ ነው።

«አማቴ ግቢ የሠራነው ቤት ስንፋታ ይካፈላል ወይ?» ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዳችሁ ስም ቢሆንም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ካርታው በአማት ስም ሲሆን ግን ነገሩ ይወሳሰባል። አማት «ገንዘቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ብለው በጣልቃ ገብነት፣ ማለትም እንደ ሦስተኛ ወገን ክሱ ውስጥ ገብተው፣ ይመጣሉ። ያኔ ማስረጃ ያለው ያወራል።

አንዲት እህት የሲሚንቶና የቆርቆሮ ደረሰኝ በፌስታል ሙሉ ይዛ መጣች። ዕቁቧን ለዚያ ቤት ነው የጨረሰችው። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ገለጥን። ሁሉም የተቆረጡት በዋርሳዋ ስም ነው፤ ዕቃ የሚገዛው እሱ ነበራ!

እናንተ ደረሰኙን በስማችሁ አስቆርጡ። ለግንበኛው በባንክ ክፈሉ፣ ምክንያቱ ላይ «ለቤት ሥራ» ብላችሁ ሙሉ። መሠረት ሳይቆፈር ደግሞ ቤቱን የምትሠሩት እናንተ መሆናችሁን አማት በጽሑፍ ይመኑላችሁ፣ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁም አጽድቁት። «እንዴት ብዬ እጠይቃቸዋለሁ?» ትሉኛላችሁ። «እማማ፣ ነገ ከነእገሌ ጋር እንዳንጋጭ ነው» በሏቸው። ልጆቻቸው ሲጣሉ ማየት የሚፈልጉ እናት የሉም።

የብር ነገር። አማት ለቤት መግዣ የሰጡት ብድር ነው ስጦታ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን፣ ወይም እዚያው በሚደረግ መሐላ ነው። ቡና ላይ የተባለ አይቆጠርም። ስጦታ ከሆነ ደግሞ ለአንዳችሁ የተሰጠ የግል ነው፣ ለሁለታችሁ የተሰጠ የጋራ። የሠርግ ወርቅ ላይ ይህን ለይቶ የሚጽፍ ሰው አላየሁም።

«አማቴን መጦር ግዴታ አለብኝ?» ሊኖርባችሁ ይችላል። ሕጉ በአማቾች መካከልም ቀለብ ያውቃል። ግን ሰውየው ችግረኛና ሠርቶ መብላት የማይችል መሆን አለበት፤ ደግሞም የራሳቸው ልጆች ይቀድማሉ።

ሞት ሲመጣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባል ቢሞት የሚስት ግማሽ ውርስ አይደለም፣ የራሷ የጋራ ንብረት ድርሻ ነው። የሚወረሰው የሟች ድርሻና የግል ንብረቱ ነው። ልጆች ካሉ እነሱ ይወርሳሉ፤ አማት «የልጄ ነው» ማለት አይችሉም። ልጅ ከሌለ ግን ወራሾቹ የሟች አባትና እናት ናቸው። ሚስት በኑዛዜ ካልተሰጣት በሚስትነቷ ብቻ ወራሽ አትሆንም። ይሄን ስናገር ብዙ ሴቶች አያምኑኝም።

ስለዚህ ልጅ ያልወለዳችሁ ባለትዳሮች ኑዛዜ ጻፉ። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ አንዱ ምስክር ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። መነበቡና ቀኑ እዚያው ኑዛዜው ላይ ይጻፍ፣ ሁሉም ወዲያው ይፈርሙ። «ተነቧል» የሚለው ካልተጻፈ ኑዛዜው ይወድቃል፣ ከቤቱም የሟች ድርሻ ወደ አማት ይሄዳል።