መንገድ ላይ የሞተ እባብ፦ ዓይነቱን መለየት ሲያስቸግር

አስፋልት ላይ የተደፈጠጠ እባብ ሲገኝ የሁሉም ሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ መርዛማ ነው? ብዙዎች በቀለሙና በራሱ ቅርጽ ይፈርዳሉ። እኔ ግን ቅርፊቱን እዩ እላለሁ። ጎማ ቅርጽ ያበላሻል፣ ፀሐይ ቀለም ትቀይራለች፤ ቅርፊት ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ሞቷል፣ ግን ይንቀሳቀሳል

የእባብ ነርቭ ከሞት በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ይሠራል። የተቆረጠ ራስ እንኳ ሊነድፍ ይችላል። መኪናችሁን ከመንገድ አውጥታችሁ አቁሙ፣ ረጅም እንጨት ተጠቀሙ። «ሞቷል እኮ» ብሎ አንገቱን ይዞ ፎቶ መነሳት ይቅርባችሁ።

ራሱ ሦስት ማዕዘን ነው፣ እፉኝት መሰለ

ጎማ የወጣበት ራስ ሁሉ ጠፍጣፋና ሰፊ ነው። ስለዚህ አናቱን ከላይ፣ ፊቱን ከጎን በስልካችሁ አቅርባችሁ አንሱ። በአገራችን በብዛት የሚታወቀው ትልቁ እፉኝት አናቱ በትንንሽ ሻካራ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ሰውነቱ ወፍራም፣ ጭራው አጭር ነው፤ ጀርባው ላይም የቀስት ጫፍ የሚመስሉ መስመሮች ይደረደራሉ።

አናቱ ላይ ያሉት ቅርፊቶች ትልልቅና ለስላሳ ከሆኑስ? ገና አትረጋጉ፤ መርዛማዎቹ ኮብራና ማምባም እንዲሁ ናቸው። አሁን ከጎን ያነሳችሁትን ፎቶ እዩ። ሰውን በማይጎዱ በአብዛኞቹ እባቦች፣ በአፍንጫው ቅርፊትና ከዓይን ፊት ባለው ቅርፊት መካከል አንድ ተጨማሪ ቅርፊት አለ። ኮብራና ማምባ ይህ የላቸውም፤ ሁለቱ ቅርፊቶች ይነካካሉ። ይህ ምልክት ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ከሌሎቹ ጋር አያይዙት።

ኮብራ መሰለኝ፣ ግን አንገቱ አልሰፋም

አንገቱን የሚያሰፋው በሕይወት ያለ ጡንቻ ነው፤ ከሞተ አይጠበቅም። በእንጨት ገልብጣችሁ ጉሮሮውን እዩ። ለምሳሌ በደቡብና በምሥራቅ ያለው መርዝ የሚተፋው ቀይ ኮብራ አንገቱ ላይ ሰፊ ጥቁር ቀለበት አለው። ጥቁር ማምባ ከሆነ ደግሞ የአፉ ውስጥ ጥቁር ነው፤ አፉ ተከፍቶ ካገኛችሁት ብቻ እዩ።

ፎቶ ልኬ ባለሙያው መለየት አልቻለም

አንድ የደበዘዘ ፎቶ ብዙ አይናገርም። ሙሉ ሰውነቱን፣ አናቱን፣ የራሱን ጎን፣ ሆዱንና የጭራውን ሥር አንሱ። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ እስክሪብቶ አኑሩ። ቦታውንና ከፍታውንም ጻፉ፤ ቆላና ደጋ እባባቸው ይለያያል። ድካሙ ዋጋ አለው። በ2016 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አዲስ የሆነ እፉኝት ከኢትዮጵያ ሲገለጽ፣ አንድ አሮጌ የሙዚየም ናሙና እና በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሱ ፎቶዎች ናቸው መነሻ የሆኑት።

ሰው ከተነደፈ ግን መለየቱን ተዉት። ቁስሉን ሳትበጡ፣ በአፍ ሳትመጥጡና አጥብቃችሁ ሳታስሩ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሬሳውን አትሸከሙ፤ ቀድሞ የተነሳ ፎቶ ካለ ለሐኪሙ አሳዩ።