በደን ውስጥ ሎጅ ለማቋቋም፦ ከትሪቶፕስ ታሪክ የሚቀሰም ትምህርት

በደን ውስጥ ሎጅ ወይም ሪዞርት ለማቋቋም የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን ከሕንፃ ንድፍ ይጀምራል። እኔ ግን ንድፉ ከመሠራቱ በፊት በኬንያ አበርዴር ተራሮች ደን ውስጥ የተገነባውን የትሪቶፕስን ታሪክ እንዲያጠና እመክራለሁ፤ ይህ ሆቴል ዛፍ ላይ ከተሠራ ባለሁለት ክፍል ጎጆ ተነሥቶ ዓለም የሚያውቀው ማረፊያ እስኪሆን ድረስ ባለፈበት መንገድ፣ በደን ውስጥ የሚሠራን ሰው የሚገጥሙት ዋና ዋና ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተነሥተውበታልና።

መጀመሪያ የሚመረጠው ቦታው ነው። ኤሪክ ሸርብሩክ ዎከርና ባለቤቱ ቤቲ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎጆውን የሠሩት አራዊት ውሃ ከሚጠጡበትና ጨው ከሚልሱበት ኩሬ አጠገብ በበቀለ ትልቅ ሙጉሞ ላይ ነበር። ሙጉሞ የሾላ ወገን የሆነ ዛፍ ሲሆን፣ በአካባቢው በሚኖረው የኪኩዩ ሕዝብ ዘንድ እኛ አድባር እንደምንለው የተከበረ ነው። ስለዚህ ቦታ ሲመርጡ ቢያንስ አንድ በጋና አንድ ክረምት፣ ንጋት፣ ምሽትና ሌሊት እየተገኙ አራዊቱ በየት ገብተው በየት እንደሚወጡ፣ ነፋሱም ከወዴት እንደሚነፍስ ይመዝግቡ። ሕንፃው የአራዊቱን መንገድ የማይዘጋና የሰው ጠረን በነፋስ ወደ ውሃው የማይወሰድበት ስፍራ ላይ መዋል አለበት። ይህን ከማንም የተሻለ የሚያውቁት የአካባቢው እረኞችና ማር ቆራጮች ስለሆኑ፣ አማካሪ ከመቅጠርዎ በፊት እነርሱን ይጠይቁ።

ቀጥሎ ከደኑ ውጭ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ከደኑ ውጭ ያድርጉ። ዎከርና ባለቤቱ ትሪቶፕስን ከመሥራታቸው በፊት እ.ኤ.አ. በ1928 በኔሪ ከተማ አውትስፓን የተባለ ሆቴል ከፍተው ነበር፤ የዛፉ ጎጆም በመጀመሪያ ረቡዕ ረቡዕ ማታ ብቻ የዚሁ ሆቴል እንግዶች የሚያድሩበት ነበር። እንግዳው ጓዙን አውትስፓን አስቀምጦ ለአንድ ሌሊት የምትበቃ ትንሽ ቦርሳ ይይዛል፤ የመጨረሻውንም መንገድ ጠመንጃ በያዘ አዳኝ ታጅቦ ድምፁን አጥፍቶ በእግሩ ይሄዳል። ይህ አሠራር ለዛሬ ሎጅም ይጠቅማል። የልብስ ማጠቢያው፣ ጄኔሬተሩ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የሠራተኞች መኖሪያውና ዋናው ወጥ ቤት ከደኑ ዳር ቢሆኑ ደኑ የሚሸከመው ሸክም እጅግ ይቀላል፤ እንግዳውም ወደ ሌላ ዓለም እየገባ መሆኑን ገና ከደጁ ይረዳል።

ሦስተኛው ጉዳይ መሬቱ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1952 የእንግሊዟ ልዕልት ኤልሳቤጥ ከባለቤታቸው ጋር ትሪቶፕስ አድረው ሳለ አባታቸው ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ አረፉ፤ ልዕልት ሆነው የወጡበትን ዛፍ ንግሥት ሆነው ወረዱ። የሆቴሉ ስም በዓለም የተሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ላይ ያመፁት የማው ማው ተዋጊዎች ጎጆውን አቃጠሉት። ቅኝ ገዢዎች የኪኩዩን ሰፊ መሬት ለነጭ ሰፋሪዎች ሰጥተው ነበርና፣ የተዋጊዎቹ ዋና ጥያቄ መሬት ነበር፤ የአበርዴር ደንም ምሽጋቸው ነበር። ለንጉሣውያን እንግዶች የሰላም ማደሪያ የነበረው ዛፍ በዚያው ምድር ለተወለዱት የመነጠቅ ምልክት ሆኖ ቢታይ አያስደንቅም። ስለዚህ የሊዝ ወረቀት በእጄ ገብቷል ብለው አይርኩ። በደኑ ውስጥ ማን ቀፎ እንደሚሰቅል፣ ማን ከብት እንደሚያግድ፣ ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ሕዝቡ የሚሰበሰብበትና የሚያመልክበት ዛፍ የትኛው እንደሆነ ከሽማግሌዎች ጋር እየዞሩ በካርታ ላይ ያስፍሩ። ለምሳሌ በባሌ ሐረና ደን ቡና የሚለቅሙና ቀፎ የሚሰቅሉ ቤተሰቦች አሉ፤ እንዲህ ባለ ቦታ ይህን መብት የማያውቅ ሎጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሰው ጓዳ ውስጥ እንደገባ ይቆጠራል። ስምምነቱ በአካባቢው ቋንቋ ይጻፍ፤ ከገቢው ምን ያህል ለማን እንደሚደርስም በግልጽ ይቀመጥ።

ከዚህ በኋላ የዕድገት ጥያቄ ይመጣል። ትሪቶፕስ እ.ኤ.አ. በ1957 ከኩሬው ማዶ በምሰሶዎች ላይ እንደገና ተሠራ፤ እየሰፋም ሄዶ ወደ 50 የሚጠጉ ክፍሎች ያሉት ሆቴል ሆነ። ነገር ግን እንግዳ እንዲያያቸው በውሃና በጨው የተሳቡት ዝሆኖች ዛፉን እየሰበሩ፣ ቡቃያውን እየረገጡ በሆቴሉ ዙሪያ የነበረውን ደን አራቆቱት። ይህን ሳስብ ያሳዝነኛል፤ በዛፍ ስም የተጠራ ሆቴል ሰገነት ላይ ቆሞ የተራቆተ መሬት ማየት ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ጉዳት በዓመት ውስጥ ስለማይታይ አስቀድሞ መለኪያ ያስፈልገዋል። ከአራት ቋሚ ነጥቦች በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር ፎቶግራፍ ያንሡ፤ በተወሰኑ ቦታዎች የሚበቅሉትን ችግኞች ይቁጠሩ፤ ቁጥራቸው ሲቀንስ ክፍል መጨመር ያቁሙ፤ ጨው የሚያስቀምጡ ከሆነም ቦታውን ይቀያይሩ። የተጎዳውን መሬት በየተራ አጥሮ ማሳረፍም ያስፈልጋል።

ስለ ጎረቤት እርሻም ማሰብ ግድ ነው። አበርዴር በእርሻ የተከበበ ስለሆነ ዝሆንና ገበሬ ይጋጩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው ራይኖ አርክ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ያስጀመረው 400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የኤሌክትሪክ አጥር የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ጠቅላላ ሥራው 20 ዓመት ያህል ወስዷል። ለአጥርና ለጥበቃ የሚወጣው ገንዘብ እንግዲህ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ።

የእንግዳውንም ምንጭ አንድ ብቻ አያድርጉት። በኮሮና ወረርሽኝ የውጭ ቱሪስት ሲጠፋ፣ ትሪቶፕስ እ.ኤ.አ. በ2021 በሩን ዘጋ። የአገር ውስጥ ቤተሰብ ሊከፍለው የሚችል የሥራ ቀን ዋጋ ማውጣት፣ ቢያንስ የስድስት ወር ደመወዝ የሚሸፍን መጠባበቂያም መያዝ ይገባል።

በመጨረሻም መዝገብ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ይከፈት። ንጉሣውያኑን አጅቦ የነበረው አዳኝ ጂም ኮርቤት የዚያችን ሌሊት ነገር የጻፈው በትሪቶፕስ የእንግዳ መዝገብ ላይ ነው። በእርስዎ መዝገብም ቀኑ፣ የዘነበው ዝናብ፣ የታዩት አራዊት ዓይነትና ብዛት፣ ያደሩት እንግዶች ቁጥር በየሌሊቱ ይጻፉ፤ ክፍል ለመጨመር በታሰበ ቁጥርም ከባንኩ ሰነድ በፊት ይህ መዝገብ ይገለጥ።