ጋቢና ነጠላ ማሽን ውስጥ አይድረቅ

ውጭ አገር ያላችሁ፣ እባካችሁ ጋቢና ነጠላችሁን ልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አትክተቱ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ሙቀትና መሽከርከር ሲደራረብበት ይሸበሸባል፣ ያጥራል። ጫፉ ላይ የተቋጨው ክርም ይተበተባል። ማሽኑ ማጣሪያ ላይ የሚጠራቀመውን ብናኝ አይታችሁታል? ከራሱ ከልብሱ የረገፈ ክር ነው።

ነፋስ ባለበት ማስጣት በብዙ ይሻላል። ጋቢ ውሃ ሲይዝ በጣም ይከብዳል። በአንድ ገመድ ብቻ ከተሰጣ ቅርፁ ይበላሻል፤ በሁለት ገመድ ላይ ዘርጉት። ፀሐይ ነጩን ይበልጥ ታነጣዋለች፣ ባለቀለሙን ጥለት ግን ታደበዝዘዋለች። ስለዚህ ጥለቱን ወደ ጥላው አዙሩት። ብርድ ሲሆን ደግሞ ቤት ውስጥ፣ መስኮት ገርበብ አድርጋችሁ ወይም ቬንትሌተር ከፍታችሁ አስጡት።