ጋዝ ስሰጥ አፍንጫው የሚደፋው ስፒትፋየር

አዲሱ አፕዴት ከገባ በኋላ የበረራ ሲሙሌተር ጌሜ ላይ ያለው ስፒትፋየሬ (የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን) አበደ። ጋዝ ስጨምር አፍንጫው ወደ መሬት ይደፋል፤ ስቀንስ ቀና ይላል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፕሮፔለሩን ነው። የመርሊን ሞተር ያለው ስፒትፋየር ሲነሳ ወደ ግራ ይስባል። ግሪፈን የተባለው ሞተር የተገጠመለት ደግሞ ፕሮፔለሩ በተቃራኒው ስለሚዞር ወደ ቀኝ። ይህ የእውነተኛው አውሮፕላን ጠባይ ነው፤ በፔዳል ይታረማል። የኔ ግን ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሬት ላይ ቆሞም ጋዙን ስነካ ኮክፒት ውስጥ ያለው መሪ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ጉዳዩ ፊዚክስ አይደለም።

ሴቲንግ ገብቼ የመቆጣጠሪያዎቹን ሰንጠረዥ ከፈትኩ። አፕዴቱ የኔን ምርጫ አጥፍቶ የራሱን ሞልቶበታል። አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው «ፒች» በጆይስቲኩም (በእጅ መሪው) በስሮትሉም (በጋዝ መስጫው) ተመዝግቧል። አንድ መሪ፣ ሁለት ሹፌር! በስሮትሉ ዓምድ ያለውን ሰረዝኩ፣ ሴቭ አደረግኩ፣ በቃ። ፔዳል ካላችሁ የሱንም ዓምድ እዩ፤ እኔ «ሮል» (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድለው) ተሰክቶበት አግኝቻለሁ። እሱንም አጠፋሁት።

የቁልፎቹን ፕሮፋይል ሌላ ፎልደር ውስጥ ኮፒ አድርጌዋለሁ። ቀጣዩ አፕዴት ደግሞ ቢያጠፋው መልሶ መጫን ነው።