ትልቁን የሞዴል ባቡር ፉርጎ ስታገኙ መጀመሪያ ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ

ሞዴል ባቡር የሚሰበስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ሞተሩ ነው፣ እኔ ግን ልቤ ያለው የመንገደኛ ፉርጎው ላይ ነው። ለገሃር አካባቢ ስላደግኩ ይሆናል፣ መስኮቱን፣ ደረጃውን፣ የሶስተኛ ማዕረግ ወንበሩን ሳይ የሆነ ነገር ይነካኛል። እዚህ አዲስ አበባ መሀል ሆኖ እነዚህን ፉርጎዎች መሰብሰብ ይቻላል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ልጆች ስላሉ የማውቀውን ልጻፍላችሁ፣ የማወራው ስለ ትልልቆቹ ነው፣ በሁለት እጅ የሚያዙት።

ቀለሙ አያታላችሁ። መጀመሪያ ገልብጡት፣ ማስመሪያ አውጡና ጎማ ለጎማ ከውስጥ በኩል ለኩ። ወደ 40 ሚሊሜትር ከመጣ ፉርጎው የሚሄደው 45 ሚሊ ስፋት ያለው ሀዲድ ላይ ነው፣ ትልልቆቹ ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ ናቸው። ከዛ በጣም ከጠበበ ለ32 ሚሊ ሀዲድ የተሰራው ኦ የሚባለው ነው፣ በጣም ሰፍቶ ከመጣ ደግሞ ላየነል የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የድሮው ስታንዳርድ ጌጅ ሊሆን ይችላል፣ እሱ 54 ሚሊ ሀዲድ ላይ ነው የሚሄደው።

ግን ሀዲዱ ብቻውን አይበቃም ምክንያቱም አንድ አይነት 45 ሚሊ ሀዲድ ላይ የተለያየ ስኬል (ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንዳነሰ ማለት ነው) ያላቸው ፉርጎዎች ይሄዳሉ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። የበሩን ቁመት ለኩ። የእውነተኛ ፉርጎ በር ሁለት ሜትር ገደማ ነው እንበል፣ ሞዴሉ ላይ 89 ሚሊ ከሆነ 1 ለ22.5 ነው፣ 69 አካባቢ ከሆነ 1 ለ29፣ 62 አካባቢ ከሆነ ደግሞ 1 ለ32 ማለት ነው። ይሄን ሳትለዩ ከገዛችሁ ሁለት ቆንጆ ፉርጎ ጎን ለጎን ስትቀጥሉ አንዱ የሌላው ልጅ መስሎ ይቀራል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ኤልጂቢ የሚባለውን ባቡር እ.ኤ.አ በ1968 ያወጣው የጀርመኑ የሌማን ፋብሪካ ነው፣ ኑረምበርግ። ስኬሉ 1 ለ22.5፣ ሀዲዱ 45 ሚሊ። እስቲ 45ን በ22.5 አባዙት፣ አንድ ሜትር ከትንሽ ነገር ይመጣል። የኛ የድሮው የጅቡቲ መስመር ሀዲድ ስፋቱ ስንት ነበር? ልክ አንድ ሜትር! አዲሱ የፉሪ ለቡው 1.435 ሜትር ነው፣ ለገሃር የነበረው ግን አንድ ሜትር ነው። ስለዚ ይሄ መጫወቻ የሚመስል ነገር በስፋቱ የኛው የምድር ባቡር ታናሽ ወንድም ነው፣ ይሄን የዛሬ ስንት ዓመት ማታ በካልኩሌተር ሳባዛ ያገኘሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የስዊዘርላንዱ የሬቲያ መስመርም አንድ ሜትር ነው፣ ኤልጂቢ የሱን ፉርጎዎች በብዛት ሰርቷል፣ ለኛ ሰው ሰብስቡ የምለውም እነሱን ነው። የኛም መስመር የድሮ የእንፋሎት ሞተሮች ውስጥ ስዊዘርላንድ ዊንተርቱር የተሰሩ ነበሩ፣ ዝምድናው ከድሮም አለ ማለት ነው።

የኤልጂቢን ዕድሜ ለመገመት ሆዱ ላይና ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሁፍ አንብቡ። ምዕራብ ጀርመን የሚል ካለ ሁለቱ ጀርመኖች እ.ኤ.አ በ1990 ከመዋሃዳቸው በፊት የተሰራ ነው ብላችሁ ጀምሩ። የካርቶኑ ቁጥር አራት አሃዝ ሆኖ በ3 ከጀመረ የመንገደኛ ፉርጎ ነው፣ በ2 ሞተር፣ በ4 እቃ ጫኝ፣ አምስት አሃዝ ያላቸው በኋላ የመጡ ናቸው። ሌማን ከስሮ ሜርክሊን የሚባለው ሌላ የጀርመን ሞዴል ባቡር ሰሪ የገዛው እ.ኤ.አ በ2007 ነው፣ ሃንጋሪ ተሰራ የሚል ካያችሁ ከዛ ወዲህ ያለ ነው።

ብርቅ ማለት አሮጌ ማለት አይደለም። ሞተር፣ ሀዲድና ሁለት ፉርጎ አንድ ላይ በካርቶን ይሸጥ ከነበረው ውስጥ የወጣ ፉርጎ ሃምሳ ዓመት ቢሞላውም በሽ በሽ ነው። ሊሚትድ ኤዲሽን የሚለውም ጽሁፍ ስንት እንደተሰራ ካልነገራችሁ ምንም አይደለም። ለአንድ ዓመት ብቻ የወጣ ቀለም፣ የአንድ ትንሽ መስመር አርማ ያለበት፣ ለአንድ በዓል የተሰራ፣ እነሱ ናቸው የሚፈለጉት፣ ያውም ደረጃው፣ የእጅ መያዣው፣ የውስጥ ወንበሩና መቀጠያው ሳይጎድል።

የቆርቆሮ ፉርጎ ካጋጠማችሁ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፣ ቆርቆሮ ይስባል ነሐስና አሉሚኒየም አይስብም። ጂቢኤን የሚል ማርክ ካለው የኑረምበርጉ የቢንግ ፋብሪካ ነው፣ ቢደብልዩ ከሆነ ደግሞ ያው ቢንግ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሰራው። ብሉ ኮሜት የሚባለው የላየነል ባቡር ፉርጎዎች የጅራታም ኮከብ (ኮሜት) ስም ነው የተጻፈባቸው፣ ፌይ፣ ዌስትፋል፣ ቴምፕል፣ ግን እነሱን አስመስለው በዘመናችን የሰሩ ስላሉ ሰማንያ ዘጠና ዓመት ኖረ የተባለ ፉርጎ ጎማው ላይ የመሄድ ምልክት ከሌለው ጠርጥሩ። ሱቅ ውስጥ ያለችውን የብር መፈተሻ መብራትም ተጠቀሙ፣ ጨለማ ውስጥ ስታበሩበት በኋላ የተቀባው ቦታ ብዙ ጊዜ ከሌላው ለየት ብሎ ያበራል። ጎማውና የጎማ ማቀፊያው ላይ ስንጥቅ ካለ ደግሞ ተዉት፣ የዚንክ ቅይጡ ውስጥ እንደ እርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) ያለ ቆሻሻ ከገባ ብረቱ ከውስጥ እያበጠ ይፈረካከሳል፣ መድሃኒትም የለውም።

የት ይገኛል? ቸርችል ጎዳና ላይ ያሉት የድሮ እቃ ሱቆች ጋ አልፎ አልፎ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ትዕግስት ላለው፣ ከሁሉም በላይ ግን ከሀገር የሚወጡ የኤምባሲና የድርጅት ሰራተኞች ቤት እቃ ሲሸጡ። የሰፈራችሁን ቁራሌ ተዋወቁት፣ ስልካችሁን ስጡት፣ የባቡር መጫወቻ ካገኘህ ሳትሰባብር አምጣልኝ በሉት። እኔ ሁለቱን ምርጥ ፉርጎዎቼን ያገኘሁት እንደዛ ነው። ሱቅ ስትገቡ ባለሱቁ ፊት አትደነቁ፣ ዋጋው እዛው ይጨምራል። ውጪ ዘመድ ያለው ደግሞ በሻንጣ ያስመጣ፣ መስታወቱ እንዳይሰበር ልብስ መሀል ተጠቅልሎ።

አንድ ነገር እባካችሁ፣ አትጠቡት! የመጀመሪያውን ፉርጎዬን በፈሳሽ ሳሙናና በሙቅ ውሃ አሽቼ ጎኑ ላይ የነበረውን ወርቃማ ጽሁፍ አጥቤ ደፋሁት፣ እስከዛሬ ሳየው ያመኛል። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል። መስኮት ዳር አታስቀምጡ፣ የኛ ከተማ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ጸሀዩ ፕላስቲክ ያደርቃል ያገረጣል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ቆርቆሮው እርጥበት እንዳይነካው ከወለል ከፍ አድርጉት። መብራት ያለው ከሆነ ባትሪውን አውጡ።

ባለፈው አንዱን የሬቲያ ፉርጎ ይዤ ምድር ባቡር ይሰሩ የነበሩ አንድ ሰፈራችን ያሉ አባት ጋ ሄድኩ። ጋሼ ይሄን እዩልኝ አልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ዝም ብለው ብዙ አገላበጡት፣ ከዛ የበሩን ደረጃ በጣታቸው እየነኩ «እዚች ጋ ቆመን ነበር እኮ ትኬት የምንቆርጠው» አሉኝ። አሁን አዲስ ፉርጎ ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ የማሳየው ለሳቸው ነው፣ እሳቸው የሚሉኝንም ካርቶኑ ክዳን ውስጥ ከቀኑ ጋር እጽፈዋለሁ።