ሳጥኑ ሞልቶ ቁልፉ ሲጠፋ፦ የመካኒክ መፍቻ ሲሰበሰብና ሲደራጅ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተመርቀው ወደ ጋራዥ የሚመጡ ወጣቶች ስለ ሞተር አሠራር ያላቸው ዕውቀት ብዙውን ጊዜ አያንስም፤ የሚቸገሩት የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ይዘው መርካቶ የወረዱ ዕለት ነው። የትኛውን መፍቻ ማስቀደም፣ የትኛውን ማቆየት፣ የተገዛውንስ እንዴት ማስቀመጥ እንደሚገባ የሚነግራቸው ሰው ስለማያገኙ ነጋዴው ያሳያቸውን ገዝተው ይመለሳሉ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ክብደታቸው እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ገንዘብ ብቻ ያባክናል፣ አንዳንዱ የደንበኛን መኪና ያበላሻል፣ አንዳንዱ ደግሞ ዓይን ሊያሳጣ ይችላል።

ሁለት መቶ ቁራጭ በአንድ ሻንጣ መግዛት

በየጊዜው የማየው፣ ባየሁት ቁጥርም የሚያናድደኝ ስህተት ይህ ነው። ጀማሪው በፕላስቲክ ሻንጣ የተደረደረ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከ200 በላይ ቁራጭ ያለው ስብስብ ያያል፤ ዋጋውን ለቁራጩ ብዛት አካፍሎ ርካሽ መሆኑን ያሰላል፤ ተበድሮም ቢሆን ይገዛዋል። ሻንጣው ጋራዥ ደርሶ ሲከፈት ግን አብዛኛው ቁራጭ ትንንሽ ቢት፣ የአለን ቁልፍና በኢንች የተለካ ሶኬት (የብሎኑን ጭንቅላት የሚውጥ፣ እጀታ ላይ የሚሰካ መፍቻ) ሆኖ ይገኛል። ባለ ኢንቹ ሶኬት አሮጌ የአሜሪካ መኪና ወይም ማሽን እስኪመጣ ድረስ ከቦታው አይነሣም፤ በየቀኑ የሚያስፈልገው 10 ቁጥር (የብሎኑ ጭንቅላት ስፋት በሚሊሜትር) ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በመጀመሪያው ወር ይጠፋል።

ከግዢ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ ወደ እኔ የሚመጣው መኪና ምንድን ነው የሚለው ነው። መልሱ በአገራችን ብዙውን ጊዜ ቶዮታ ስለሆነ፣ ከእጅ የማይለዩት መጠኖች 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 እና 21 ናቸው። የቪትዝም ሆነ የኮሮላ የጎማ ዳዶ 21 ነው፤ የኮሮላ ዘይት ማፍሰሻ ብሎን 14 ነው፤ የባትሪ ማሰሪያውና የፍሬን ቱቦው ማያያዣ 10 ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ 13 ቁጥር የሚፈለግበት ቦታ እምብዛም አይገኝም። የጃፓን አምራቾች ለተመሳሳይ ውፍረት ብሎን ከአውሮፓውያኑ ያነሰ ጭንቅላት ስለሚያወጡ፣ ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር የሆነው ብሎን በጃፓን መኪና ላይ በ12 ሲፈታ በአውሮፓ መኪና ላይ በ13 ይፈታል፤ 10 ሚሊሜትሩ በጃፓኑ 14 ሲሆን በአውሮፓው 16 ወይም 17 ነው፤ 12 ሚሊሜትሩ ደግሞ በጃፓኑ 17፣ በአውሮፓው 18 ወይም 19 ነው። ዕድሜውን በላዳ ታክሲ ጥገና የፈጀ አንጋፋ መካኒክ ሳጥኑን ሲከፍት ይህ በዓይን ይታያል፦ 13ቱና 17ቱ ከመነካካት ብዛት ማርካቸው ጠፍቶ ልሙጥ ሆነዋል፣ 12ቱ ግን ከነጽሑፉ እንደተገዛ ተቀምጧል።

ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው ከ8 እስከ 19 ያሉትን በአንድ ጫፍ ክፍት፣ በሌላው ቀለበት የሆኑ ቁልፎች፣ አንድ ጥሩ ባለ 3/8 ኢንች ራቼት (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ባለ ጥርስ የሶኬት እጀታ) ከነሶኬቶቹ፣ ለጎማና ለእግር ሥራ አንድ ባለ 1/2 ረጅም እጀታ፣ ሁለት ማራዘሚያ፣ ፒንሳ፣ መዶሻና ካቻቢቴ ነው። የካንዴላ ሶኬት እንደ መኪናው ዘመን ይለያያል፤ የቀድሞው ኮሮላ ዲኤክስ 21 ሲፈልግ የኋለኞቹ በ16 ወይም በ14 ይፈታሉ። የቀረው ሥራው ሲጠይቅ ይጨመራል። 10 ቁጥርን ግን በሦስትና በአራት ይግዙ።

ሶኬት ሲመረጥ ውስጡ ባለ ስድስት ማዕዘን እንዲሆን እመክራለሁ። ባለ አሥራ ሁለቱ በጠባብ ቦታ ለመግባት ይመቻል፤ ሆኖም የብሎኑን ጭንቅላት በጫፍ በጫፉ ብቻ ስለሚይዝ፣ ዝገት የበላውን ብሎን ከመፍታት ይልቅ አሟልጦ ይተወዋል።

ባዶውን ባለ መሳቢያ ሳጥን ማስቀደም

መሳቢያው የሚመረጠው የሚገባበት ዕቃ ርዝመትና ክብደት ከታወቀ በኋላ ነው፤ እስከዚያው አንድ ተራ ተሸካሚ ሳጥን ይበቃል።

በቁልፉ ላይ የተጻፈውን ማመን

«ክሮም ቫናዲየም» የሚል ማኅተም ማንም ሊያትመው ይችላል፤ በመርካቶ አንዳንድ ሱቆች የታዋቂ ድርጅት ስም ፊደሉ ተዛብቶ የታተመበት ቁልፍም አጋጥሞኛል። የተሻለው ፈተና ንጹሕ፣ ጭንቅላታቸው ያልተጎዳ 10፣ 12 እና 14 ብሎኖችን ኪስ ውስጥ ይዞ መሄድ ነው። ቁልፉ ብሎኑ ላይ ገብቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲነቀነቅ ያለው ክፍተት በእጅ ይታወቃል፤ የሚንቀጠቀጠው የትም አገር ተሠራ ቢባል አይገዛም። የቀለበቱ ግድግዳ ውፍረትም ይታይ፦ ደካማ ብረት ጥንካሬውን የሚያካክሰው በውፍረት ስለሆነ፣ ወፍራሙ ቁልፍ ጠባብ ቦታ ሲደርስ አይገባም።

አዲሱን ብቻ መፈለግም ሌላው ስህተት ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ወርዶ በትዕግሥት የሚያገላብጥ ሰው፣ ዕድል ከቀናው፣ በጀርመን ሬምሻይድ ከተማ የተሠሩ የሃዜት ወይም የጌዶሬ፣ አልያም የጣሊያኑ ቤታ ቁልፎችን ነጠላ ነጠላውን ያገኛል። ዝገቱ በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ ይወርዳል። የማይድነው አፉ የሰፋ፣ ወይም በእሳት ተሞቆ የታጠፈ ቁልፍ ነው፤ በእሳት የሰማያዊነት መልክ ያወጣ ብረት ጥንካሬው ሄዷል።

የጃፓንን ባለ መስቀል ብሎን ባገኙት ካቻቢቴ መፍታት

ይህን ስህተት ከነባሮቹም የማይሠራው ጥቂት ነው። ባለ መስቀል ብሎን ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ፊሊፕስ የሚባለውና ጂስ የሚባለው የጃፓን ደረጃ የተለያዩ ናቸው። የፊሊፕስ ካቻቢቴ ጫፍ መጋጠሚያው ላይ የተጠጋጋ በመሆኑ በጂስ ብሎን ውስጥ እስከ ታች አይወርድም፤ ኃይል ሲጨመርበት ወደ ላይ ይወጣና መስቀሉን ፈጭቶት ይሄዳል። የጂስ ብሎን ብዙ ጊዜ በጭንቅላቱ ላይ አንዲት የተነቆጠች ነጥብ አለችው። በዲኤክስ ካርቡሬተር ላይና በጃፓን ሞተር ብስክሌቶች ጎን ላይ ያሉትን ብሎኖች ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው አብዛኞቹ መስቀላቸው ወደ ክብ ጉድጓድ ተለውጦ ያገኛቸዋል፤ ጥፋቱም የዝገት ሳይሆን የካቻቢቴ ነው። የጂስ ካቻቢቴ ፊሊፕሱን ብሎንም በሚገባ ስለሚፈታ፣ አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ጂሱን ይግዛ። የጠበቀውን ደግሞ በመዶሻ ሲመታ በሚዞረው ካቻቢቴ መጀመር እንጂ በቀጭኑ ታግሎ ከተሟለጠ በኋላ እሱን መፈለግ ዋጋ የለውም።

የፍሬን ቱቦ ማያያዣም ከዚሁ ወገን ነው። በተራ ክፍት ቁልፍ ሲፈታ ለስላሳው ዳዶ ይሟልጣል፤ ቱቦው የሚያልፍበት ክፍተት ያለውና አምስቱን ጎን የሚይዘው ልዩ ቀለበት ቁልፍ፣ በ10 ቁጥር አንድ ብቻ እንኳ ቢሆን፣ ከሳጥን አይጥፋ።

በቶርክ ቁልፍ መፍታት

የቶርክ ቁልፍ የማጥበቅ ልክን መለኪያ ነው፤ ረጅም እጀታ ስላለው ብቻ የጠበቀ ዳዶ መፍቻ ያደረጉት ብዙዎች ናቸው። በዚያ መንገድ ውስጡ ያለው ጥርስ ይጎዳና ከዚያ ወዲያ የተሞላው ልክ ላይ ሲደርስ ቀጭ ማለቱ ትርጉም ያጣል። ሌላው ጥፋት ከሥራ በኋላ በተሞላበት ልክ እንዳለ ማስቀመጥ ነው፤ ጥምዝ ስፕሪንጉ እንደተጨነቀ ሲያድር ልኩ ይለወጣል፤ ስለዚህ በመለኪያው ላይ እስካለው ዝቅተኛ ቁጥር ድረስ፣ ከዚያ ሳያልፍ፣ መመለስ አለበት። የዓለም አቀፉ ደረጃ አይኤስኦ 6789 አምራቹ የተለየ ነገር ካላለ በየ12 ወሩ ወይም በየ5000 ጊዜው እንዲመረመር ይጠይቃል፤ ከእኛ ጋራዦች ስንቶቹ ይህን እንደሚያደርጉ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

መጠኑም ይለያያል። የኮሮላ የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ፣ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር የሆነው ተራ ብሎን ግን 10 ገደማ ብቻ ነው የሚችለው። እስከ 200 በሚለካው ትልቅ ቁልፍ የቫልቭ ክዳንን ብሎን ላጥብቅ ያለ አንድ ረዳት ቀጭታውን ሲጠባበቅ ብሎኑ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ተቆርጦ ቀረ፤ የአንድ ሰዓት ሥራ የነበረው የቀኑን ሙሉ ሥራ ሆነ። ትልቁ ቁልፍ በልኩ ታችኛው አምስተኛ ክፍል ላይ አይታመንም።

ቱቦ መጨመርና ነጩን ሶኬት በማሽን መምታት

የጠበቀ ብሎን ሲገጥም በራቼት እጀታ ላይ የውኃ ቱቦ ሰክቶ መወጠር በየጋራዡ ይታያል። የራቼት ውስጣዊ ጥርስ ለዚያ አልተሠራም፤ ሲለቅ ደግሞ እጅን ከሚቀርበው ብረት ጋር ያላትመዋል። ጥርስ የሌለው ረጅም እጀታ የተፈጠረው ለዚህ ሥራ ነው።

የባሰው ግን የሚያብረቀርቀውን ሶኬት በአየር ወይም በባትሪ በሚሠራው መምቻ ማሽን ላይ መግጠም ነው። ነጩ ሶኬት ጠንካራ ቢሆንም ድንገተኛ ምትን ስለማይችል እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። የአይሱዙ ጎማ ሲፈታ ሶኬት ተሰንጥቆ ቁራጩ የአንድ ልጅ ጉንጭ ላይ ሲሰካ አይቻለሁ፤ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ቢል ኖሮ ዓይኑ ነበር። ለማሽን የሚሆነው ጥቁሩ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነው ሶኬት ነው። የሁለቱ መቀመጫም ይለይ፤ በአንድ መሳቢያ ከተቀላቀሉ በጥድፊያ ጊዜ የሚነሣው የቀረበው ነው።

በዓይነት ብቻ መደርደር፣ ማታ አለመቁጠር

ቁልፎች ከቁልፎች፣ ፒንሳዎች ከፒንሳዎች መሆናቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን አብረው የሚወጡ ዕቃዎች አብረው ቢቀመጡ ይበልጥ ይጠቅማል። የፍሬን ሥራ ዕቃ፣ ማለትም የቱቦው ቁልፍ፣ የፒስተን መግፊያውና የማስተንፈሻው ላስቲክ ቱቦ፣ በአንድ መሳቢያ ቢሆን ጠዋት ከመኪናው ሥር ተኝቶ «እሱን አቀብለኝ» ማለት ይቀራል። ዘወትር የሚነሣው ከወገብ እስከ ደረት ባለው ከፍታ፣ ከባዱ ታች ይሁን። ከባዱን ላይ የሞላ ሰው ሁለት መሳቢያ በአንድ ጊዜ ሲስብ ሳጥኑ እላዩ ላይ ይወድቅበታል፤ መንኮራኩር ያለው ሳጥን ደግሞ ፍሬኑ ሳይያዝ አይከፈት።

ለየመፍቻው ቦታ ማበጀት ውድ ዕቃ አይጠይቅም። ሁለት ቀለም ያለው ስፖንጅ ተገዝቶ፣ የላይኛው በየመፍቻው ቅርጽ ተቆርጦ ሲወጣ የታችኛው ቀለም ይታያል፤ ባዶ ቦታው ከሩቅ ይጮኻል። ስፖንጅ ያልተገኘ እንደሆነ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ቅርጹን በቀለም መሳል ያው ነው። ጥቅሙ ከውበት ያለፈ ነው፦ ማታ ሳጥኑ ሲዘጋ 10 ቁጥር ቦታው ላይ ካልታየ፣ መኪናው ከግቢ ሳይወጣ ኮፈኑ ይከፈታል። ባትሪ ማስቀመጫው ላይ ተረስቶ የቀረ ቁልፍ ሁለቱን ተርሚናል አገናኝቶ እሳት ሊያስነሣ፣ ቺንጋ ላይ ቢወድቅም ቺንጋውን ሊበጥስ ይችላል። ሳጥኑ ውስጥ አሮጌ ብሎንና ዳዶ የሚያጠራቅሙ ሰዎች ይህን ቆጠራ ሊያደርጉት አይችሉም፤ የብሎን ቦታ ቆርቆሮ ነው።

ውሰትን በተመለከተ አጭር ነኝ፦ ስሙ በደብተር ያልተጻፈ ሰው መፍቻ አይወስድም፤ ጓደኛም ቢሆን። የራስን ቀለም ወይም ምልክት እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ማሳረፍም ክርክርን ያስቀራል።

በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚሠራ ሰው ዕቃውን እርጥብ እንደሆነ ወደ መሳቢያ አይመልስ፤ በጨርቅ ደርቆ፣ በቀጭን ዘይት ተጠርጎ ይግባ።

ከመልቲሜትር በፊት ስካነር

ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው ስካነር የስህተቱን ኮድ ይናገራል እንጂ ሽቦው የተበጠሰው የት እንደሆነ አይለካም። ቮልትንና የሽቦን መቀጠል የሚለካውን መልቲሜትር በሚገባ የማያውቅ ሰው በኮዱ ብቻ ተመርቶ ያልተበላሸ ሴንሰር ያስለውጣል፤ የደንበኛው ገንዘብም መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ይቀራል።

የፕላስቲክ እጀታን መከላከያ ማድረግ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየጋራዡ በር መቆም ጀምሯል፤ ብዙ መካኒኮችም በለመዱት ሳጥን ሊቀበሉት ይዘጋጃሉ። የእነዚህ መኪኖች ዋና ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ጅረት አለው። የተራ ካቻቢቴ ፕላስቲክ እጀታ ለእጅ እንዲመች እንጂ ያንን ቮልት እንዲከላከል አልተፈተነም። የሚፈለገው አይኢሲ 60900 በሚለው ደረጃ የተሠራ፣ የሁለት ሦስት ማዕዘን ምልክትና 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍ የታተመበት መፍቻ ነው። መከለያው ከተሰነጠቀ ወይም ከተቀረፈ በቴፕ አይጠገንም፤ ከዚያ ሥራ ይወጣል። የራሱ የተለየ መሳቢያ ይኑረው፤ ስለታም ብረትና ዘይት አይንካው፤ አብሮት ያለው የላስቲክ ጓንትም ከመጠለቁ በፊት ከአንጓው ተጠቅልሎ አየር እንዲይዝ ይደረግ፤ አየር የሚያስተነፍስ ጓንት አይጠለቅም። በማንኛውም ሁኔታ ሥልጠናውን ያልወሰደ ሰው ከፍተኛው ቮልት የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ኬብል አይንካ።